ቲቸር ቀበሮና ረግረግ የያዛት አህያ

አንድ ጊዜ ቀበሮ «እንግሊዝኛ አስተምራለሁ» ብሎ ተነሣ። የት ተማረው? እንጃለት! የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ሁለት ዓመት ስለኖረ፣ በመስኮት የሰማውን ሁሉ ለቃቅሞ መጣ። ከዚያ ወዲህ ቀበሮ ብሎ የሚጠራው ጠፋ፤ «ቲቸር» ሆነ።

ትምህርቱ የሚሰጠው ረግረጉ አጠገብ ካለች ሾላ ሥር ነበር። የዚያን ቀን ቃል «ሄልፕ» ነው።

«ሄልፕ ማለት መርዳት!» አለ ቀበሮ።

«ሄልፕ ማለት መርዳት!» አሉ ተማሪዎቹ ባንድ ድምፅ። ጦጣ ከሁሉም በላይ ጮኸች፤ አንደኛ የምትወጣው እሷ ናታ!

«ጥንት የእንግሊዞች ቅድመ አያቶች ‹ሄልፓን› ይሉት ነበር። ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቃል ነው! አንተ ጅቦ፣ ሄልፕ ማለት ምን ማለት ነው?»

ጅብ ከኋላ ተቀምጦ ሆዱን ያዳምጥ ነበር። ብድግ አለና «መብላት» አለ።

ሳቁበት! ትናንት የተጠየቀው ሌላ ቃል ነበር፤ መልሱ ግን ያው መብላት ነው። ምን ያድርግ፣ እህል ውሃ ካፉ ከገባ ሦስት ቀኑ። ቀበሮ «ተንበርከክ!» አለው። አያ ጅቦም ያን የሚያህል ገላውን ይዞ ከሾላዋ ጀርባ ተንበረከከ። እኔ ባዝንለት አይፈረድብኝም።

ይሄኔ ከረግረጉ ጩኸት ተሰማ። ውሃ ልትጠጣ የወረደችው እትዬ አህያ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ገብታለች። ሳምንት እንኳ ያልሞላት ውርንጭላዋ ዳር ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ኡኡ! ያገር ያለህ! ጭቃው ዋጠኝ!»

ተማሪው ግር ብሎ ወደ ረግረጉ ዳር ሄደ። ቀበሮ ፊቱ በራ።

«አያችሁ? ምሳሌ በገዛ እግሯ መጣችልን! አህያዋ አሁን ምን ያስፈልጋታል?»

«ሄልፕ!»

«ጎበዞች! ዓረፍተ ነገር የሚሠራልኝ?»

ጦጣ እጇን አወጣች። «አህያዋን መርዳት አለብን!»

«ግሩም! አጨብጭቡላት!»

ተጨበጨበላት። እጅ ሁሉ ጭብጨባ ላይ ስለነበር ለአህያዋ የተረፈ አልነበረም። ጭቃው ደረቷ ደረሰ።

ጅብ ከተንበረከከበት የአህያ ሽታ አስነሣው። ጥርሱን አግጥጦ ሲመጣ ተማሪዎቹ ብትንትን አሉ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ባልም አልነበራት።

ዞራ አየችው። «አያ ጅቦ» አለች ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «ጭቃ ከሚበላኝ አንተ ብላኝ። ብቻ መጀመሪያ አውጣኝና ልጄን ላጥባት። ጠግባ ትቅር። ከዚያ ያሻህን አድርገኝ።»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ልማዱ ስላልሆነ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ጭራዋን በጥርሱ ያዘ። ጅብ ደግሞ አንዴ የያዘውን መልቀቅ አያውቅም! ጎተተ። ተንሸራተተ፣ እስከ አፍንጫው ተቀበረ፣ አልለቀቀም። ወገቡ እስኪንቋቋ ጎተተ፤ በመጨረሻ አህያዋ ደረቅ መሬት ላይ ተዘረረች።

ውርንጭላዋ ሮጣ ጡቷ ሥር ገባች። ጅብ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቅ ጀመር። ለሃጩ ይንጠባጠባል።

«ጨረሰች?»

«ገና ናት፣ አያ ጅቦ።»

ውርንጭላዋ ባንድ ዓይኗ አየችውና መጥባቷን ቀጠለች። አልፈራችውም። ጅብ ከተወለደ ጀምሮ ሊበላው ቀርቦ ያልሸሸው ፍጥረት አጋጥሞት አያውቅም።

«አሁንስ?»

«አሁንም አልጠገበች» አለች እናት፤ እንባዋ ወረደ።

ጅብ ሆዱን አየ፣ ውርንጭላዋን አየ። «ቀስ ብላ ትጥገብ፤ አታስቸኩያት» አለና ጭቃውን አራግፎ፣ ባዶ ሆዱን ይዞ ወደ ጫካው ገባ።

ይህን ሁሉ ከሩቅ ያየው ቀበሮ ያን ቀን ሌላ ቃል አላስተማረም።

ከዚህ የምንማረው፣ መርዳትን የሚያውቀው ቃሉን ከነትውልዱ የሚዘረዝር ሳይሆን ለሌላው ብሎ ጭቃ የሚገባ መሆኑን ነው።