መኪና ሲበላ የሚጾም ግቢ

አቶ ጥላዬ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙና ተከራዮቻቸውን መውጫ መግቢያ አሳጧቸው። ያገኙትን ሁሉ እያስቆሙ፣ “ይሄ እንደ ሌላው መኪና ጋራዥ ለጋራዥ አይንከራተትም፤ በሽታ የሚባል አያውቅም። አምስት ጎልማሳ ጭኖ አቀበቱን ሽቅብ ይወጣዋል” ይላሉ።

ችግሩ፣ የግቢው ቆጣሪ አንድ ነው። መኪናው ቻርጅ ሲደረግ አንድ ተከራይ ምድጃ ከሰካ የግቢው መብራት በሙሉ ድርግም ይላል።

አንድ አመሻሽ ላይ መብራቱ እንደገና ቢጠፋ፣ አቶ ጥላዬ ተከራዮቹን ሰበሰቡ።

“ከእንግዲህ መኪናዬ ቻርጅ ሲደረግ ምድጃም ሆነ ካውያ የሚሰካ እንዳይኖር። ጾም ነው ብላችሁ ያዙት። ያልተስማማው ቤቴን ይልቀቅልኝ።”

ሁሉም አንገቱን ደፋ። አንዲት ምላሰኛ ተከራይ ብቻ፣ ለልጆቿ ራት ጥዳው መብራት የጠፋበትን ሽሮ ከነድስቱ እንደያዘች ወደ ፊት ወጣች።

“ጋሽ ጥላዬ፣ እሺ፣ እንጾማለን” አለች። “ግን ሰው ሁሉ ሲጾም የሚበላው ወይ ሕፃን ነው ወይ በሽተኛ። የእርስዎ መኪና አምስት ጎልማሳ ተሸክሞ አቀበት የሚወጣ ከሆነ መቼም ሕፃን አይደለም። እግዜር ይማረው፣ ምኑን ነው ያመመው?”