የተደፉት ሙቀጫዎች

ከጣና በስተምሥራቅ ጓንታ የሚባል ወንዝ አለ። ነሐሴ ገብቶ ዓሣው ከሐይቁ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር የመንደሩ ሴቶች ሙቀጫቸውን ተሸክመው ወደ መሻገሪያው ይወርዳሉ፤ በዳርና በዳሩ ደርድረው የሙቀጫውን አፍ ወደ መሬት ይደፉታል። ዓሣው እንቁላሉን ጥሎ እስኪመለስ አንድም ሙቀጫ አይነሳም። የጓንታ ሰው በዚህ ይኮራል፤ ሌላ ወንዝ ይህ ክብር የለውም ይላል። ልክ ነው፤ የለውም።

ነገሩ የተጀመረበትን ዘመን የሚያውቅ የለም። እንደሚነገረው፣ ከወንዙ በላይ ያለው ተራራ ያኔ ፀሐይ የማያስገባ ደን ነበር፤ ሙጨ የሚባል ጠራቢም ወይራውንና ዋንዛውን እየጣለ ሙቀጫ ይሠራ ነበር፤ የእሱ ሙቀጫ ሰባት ዓመት ቢወቀጥበት አይሰነጠቅም ይባላል። ዓሣ የሚያዘው በብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ይወቀጣል፣ ዱቄቱ ውሃው ላይ ይበተናል፣ ዓሣው ይሰክርና ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም።

አንድ የችጋር ነሐሴ መንደሩ በሙሉ ወቀጠ።

ሦስት ቀን ተበላ። የቀረው ሸተተ። በዓመቱ ጥቂት ዓሣ መጣ፤ እሱንም ጨረሱት። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ምንም አልመጣም። ተራራውም ዛፉን ካጣ ወዲህ ጎርፉ አፈሩን እየጠረገ አወረደ፤ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበትን ጠጠር ጭቃ አለበሰው።

በአራተኛው ዓመት፣ ሌላ ችጋር በገባበት ነሐሴ፣ ዓሣ ታየ። ቀድማ ያየችው አንጓች የምትባል የመንደሩ አዋላጅ ናት ይባላል፤ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች ያሏት ሴት። ሌሎቹ ብርብራቸውን ይዘው ሲሮጡ እሷ ሙቀጫዋን መሻገሪያው ላይ ደፍታ ተቀምጣበት አገኟት።

«እንዴ አንጓች! የምትወቅጪው ብታጪ ሙቀጫሽን ዱካ አደረግሽው?» አለች አንዷ። ሳቁ።

«ዱካ ካማረሽ የራስሽን አምጪ። ቦታ ሞልቷል።»

ሙጨ ሰዉን ገፍቶ መጣ። «ተነሽ እንጂ! ልጆችሽ ከትናንት ጀምሮ ምን ቀመሱ?»

«ምንም አልቀመሱም፣ አያ ሙጨ።»

«ታዲያ?»

«ዓሦቹን ቆጥሬያቸዋለሁ። ሃያ አይሞሉም፤ ለመንደሩ ጉርሻ አይሆኑም። ሆዳቸው ደግሞ ሙሉ ነው። እኔ ሥራዬ ማዋለድ ነው፤ ምጥ ላይ ያለችን አላስነካም።»

«ሙቀጫውን የጠረብኩት እኔ ነኝ። እሰብረዋለሁ!»

«ስበረው። ወንዙን ያራቆትነው አንተና እኔ ነን፤ አንተ ጠረብህ፣ እኔ ወቀጥሁ። እንግዲህ አንዳችን እንተው።»

ትንሹ ልጇ ዳር ላይ ቆሞ ያለቅሳል። አንጓች ወደ እሱ አላየችም ይባላል፤ ብታይ ኖሮ ትነሳ ነበር። ሙጨ ግን ውሃውን አየ። አንዲት ዓሣ በጅራቷ ጭቃውን እየጠረገች ጠጠር ትፈልግ ነበር። ትጠርጋለች፣ ጎርፉ መልሶ ይሞላዋል፣ ደግማ ትጠርጋለች። ሙጨ ብዙ ቆመ። ከዚያ ሽቅብ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ሰዉ መጥረቢያ ሊያመጣ ነው ብሎ ጠበቀ።

ሲመለስ በትከሻው ላይ የራሱ ትልቁ ሙቀጫ ነበር፤ በእጁም ለክፉ ቀን የደበቃት የባቄላ ስልቻ። ሙቀጫውን ከአንጓች ጎን ደፋው።

«ንፍሮ ሙቀጫ አይፈልግም» አለና ስልቻውን ሰጣት። «ቀቅይላቸው። ለሁሉም ልጅ።»

ቀጥሎ ማን እንደደፋ አባቶች አይስማሙም፤ እያንዳንዱ ቤት የእኔ አያት ናት ይላል። ከዚያ ወዲያ ሙጨ የቆመ ዛፍ አልቆረጠም፤ የተራራውን ግንባር ከልክሎ ችግኝ ሲተክል አረጀ፤ ደኑም እስከ ዛሬ የሙጨ ክልክል ይባላል። ጠጠሩ ከጭቃ የጠራው አንዳንዶች በሰባት፣ አንዳንዶች በአሥራ ሁለት ዓመት ነው ይላሉ።

ባለፈው ነሐሴ አሸዋ ሊጭን የመጣ ገልባጭ መኪና መሻገሪያው ላይ ደረሰ። ክላክስ ነፋ። ሴቶቹ መንገዱ ላይ በደፉት ሙቀጫ ላይ እንደተቀመጡ አዩት።

«ይህን መንገድ ማን ዝጉ አላችሁ?» አለ ሹፌሩ በመስኮት።

«ማንም አላለንም፣ ወንድሜ» አለች አንዲት ወጣት ሴት፣ ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ እያዞረች። «ዓሣው ይቅደም። አንተ መስከረም ሲያልቅ ና፤ ስለ አሸዋው ያኔ እንነጋገራለን።»

መዞሪያ ስላልነበረው ዳገቱን ሙሉ የኋሊት ወጣ። ከታች፣ በጠራው ውሃ ውስጥ፣ ዓሣው እየተጋፋ ያልፍ ነበር።