እትዬ አመለወርቅ ለማን ይድረሱ?

በአንድ ወቅት፣ የሸማኔ ጓዳ በተደረደረበት ሰፈር፣ ሦስት ሴት ልጆች የወለዱ እትዬ አመለወርቅ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ታላቂቱንና ታናሺቱን ጡት አጥብተው አሳደጉ። መካከለኛዋን ስንዱን ሲወልዱ ግን ታመው ስለነበር፣ እሷ በፍየል ወተት አደገች። ስንዱ ይህን አልረሳችም፤ ሰፈሩም መች ያስረሳል!

ታላቂቱ አጸደ አንድ ቀን እናቷን ስታጥብ ከጡታቸው ጎን ጠጠር የመሰለ እብጠት ዳሰሰች።

«ምንድነው ይሄ እማዬ?»

«ብጉንጅ ነው፣ ተይው።»

አልተወችውም። ከነእርጥብ ፀጉራቸው ነጠላ አከናንባ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ታናሺቱ ፍሬገነት የዚያው ሆስፒታል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ሐኪሙ የእናቷን እብጠት ብቻ ቆርጦ ሊያወጣ ሲሰናዳ፣ ከእብጠቱ የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ስታይ ቆይታ እየሮጠች መጣች። «የካንሰሩ ሴሎች ገና አልተሰደዱም፤ መንገዱ ግን ተነጥፎላቸዋል። ከሴሎቹ ውጭ ያለው የፕሮቲን ክር እንደ ባዘቶ የተዘበራረቀ መሆን ሲገባው፣ ሸማኔ እንደወጠረው ድር ቀጥ ብሏል። እሱን ይዘው ነው ወደ ሌላ አካል የሚሄዱት» አለች። ሐኪሙም ደግሞ አየና ጡቱ በሙሉ ቶሎ ይውጣ አለ።

ስንዱ ውስጧ ተቃጠለ። አንዷ ዳሰሰች፣ አንዷ አየች፤ እሷ እንደ ድሮዋ ባዶ እጇን።

እትዬ አመለወርቅ ግን እምቢ አሉ። «ልጆቼን ያጠባሁበትን አላስቆርጥም። አብሮኝ ይቀበር!» ሁለቱ ልጆች አለቀሱና «እንደ ፈቃድሽ» አሉ። ስንዱ አላለቀሰችም። ብቻዋን እናቷ ጋ ገብታ በሩን ዘጋች፤ የጭቃ ግድግዳ እንደሆነ ለጎረቤት ጆሮ አይከለክልም።

«እነሱ ያልቅሱለት፣ ጠብተውታላ! ለእኔ ምኔ ነው? እኔ ያለኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እሱ ይሂድና አንቺ ቅሪልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ቂም ይዘሽብኛል?»

«አዎ።»

 እትዬ በማግስቱ ጠዋት ተነሥተው ሆስፒታል ሄዱ፤ ጡታቸውን አስቆርጠው ዳኑ።

ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን መኖር አቃታቸው። «ካዳነችኝ ልጄ ጋ እገባለሁ» ቢሉ ጠቡ ተነሣ።

«እኔ ባልዳስሰው ማን ያውቅ ነበር?» አለች አጸደ።

«እኔ መንገዱን ባላየው፣ እብጠቷ ወጥታ ሌላው አምልጦ ነበር» አለች ፍሬገነት።

«እኔ ባልናገራት፣ ሁለታችሁም እያወቃችሁ እያለቀሳችሁ ትቀብሯት ነበር» አለች ስንዱ።

አጸደ ወገቧን ያዘች። «አንቺማ በቅናት ነው ያስቆረጥሽው!»

ስንዱ ፊቷ ጠቆረ። ሐሰት ነው አላለችም። «ቅናትስ ቢሆን? ይኸው አለች አይደል?»

እትዬ አመለወርቅ ልብሳቸውን ጠቅልለው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተዋል። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፦ ዳስሳ ላገኘችው ነው፣ መንገዱን ላየችው፣ ወይስ ቀንታ ላስቆረጠችው? እናትየው የሚገቡት ለማን ነው?