ጠበበ የተባለው ቤት

ዛሬ ዛሬ ይህቺን ምሳሌ ሰው በየሰበቡ ይመዛታል። ጎረቤት እድፍ ውሃ በደጁ ሲደፋበት፣ አማት ስትነዘንዝ፣ ወዳጅ ቀጥሮ ሲቀር፣ አንዱ ይተርታትና ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ወዲያው ወሬው ይቀየራል። እንዲህ እንደ ዘበት የምትወረወረው ምሳሌ ግን የወጣችው ከአንዲት ጠባብ ጎጆና ከአንዲት ሴት ቁስል ነው። ታሪኩን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ለተደፋ ውሃ ብሎ አይተርታትም።

ያቺ ጎጆ ወይራ አምባ በሚባል መንደር ዳር የቆመች ባለ አንድ ምሰሶ ቤት ናት። ቢያድግልኝ የሚባል ገበሬ ሊያገባ ሲል ለሁለት ሰው ብሎ ሠራት፤ እግዜር ደግሞ የቤት ስፋት ጠይቆ ልጅ አይሰጥም። ሚስቱ ይመኙሻል ሦስት ልጆች እያሳደገች ለአራተኛው ወሯ ገብቶ ነበር። ባልና ሚስት ከትንሹ ልጅ ጋር መደቡ ላይ፣ ሁለቱ ትልልቆች መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው፣ ጥጃዋ ከበሩ ጥግ ያድራሉ። አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል እያለ መንደሩ ይቀልድባቸዋል። እነሱም አብረው ይስቃሉ።

ሳቁ የቆመው የአስካለ መልእክት የመጣ ዕለት ነው።

አስካለ የቢያድግልኝ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው በልጅነታቸው ስትሞት እያዘለች ያሳደገችው እሷ ነች። ኋላ ከወንዝ ማዶ ለአንድ ባለጸጋ ተዳረች። ባሏ ሲሞት የመጀመሪያ ሚስቱ ልጆች መሬቱንም ቤቱንም ይዘው እሷን ከሁለት ልጆቿ ጋር አባረሯት። የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ውስጥ ተጠግታ፣ «ወንድሜ፣ ካንተ ሌላ ማንም የለኝም» ብላ ላከችበት።

በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሽማግሌ ቤት ያያል። ሽማግሌዎቹ የዘመዱን ቤት ገብተው አይተው «ይበቃል» ካሉ ዘመድ እንቢ ማለት አይችልም። «ጠባብ ነው» ካሉ ደግሞ ማንም አይፈርድበትም፤ የተቸገረው ሌላ መጠጊያ ይፈለግለታል። ለአስካለ የተፈለገላት መጠጊያ ግን ልብ የሚያደማ ነበር። አንድ ባላባት ወንድ ልጇን ለከብት ጥበቃ፣ አንድ ነጋዴ ልጅቷን ለቤት ሥራ ሊወስዱ፣ እናትየዋ እዚያው ደጀ ሰላም ልትቀር።

ቢያድግልኝ ይህን ለሚስቱ ሲነግራት፣ «ወይ እትዬ አስካለ!» ትላለች ብሎ ጠበቀ። ይመኙሻል ግን ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ፣ «ቤቱ ይጠባል» አለች።

«እንደምንም እንተፋፈጋለን እንጂ።»

«እኔ ወሬ ገብቷል። የት ላይ ልውለድ? ሽማግሌ ይየውና ይፍረድ።»

ይህን ያለችው ክፉ ሴት ሆና አይደለም። ነገሩን ከሥሩ ካላወቁት ይመኙሻልን መውቀስ ይቀላል። ከዓመታት በፊት፣ በዚያ ዝናብ ባጣው ክፉ ቀን፣ ቢያድግልኝ እህል ፍለጋ ቆላ ወርዶ ነበር። ይመኙሻል ታከለ የሚባለውን የበኩር ልጇን አዝላ፣ ወንዝ ተሻግራ ከአስካለ ደጅ ደረሰች። የአስካለ ቤት እልፍኝና አዳራሽ ያለው ሰፊ ቤት ነበር። አስካለ መዝጊያውን ገርበብ አድርጋ በቀዳዳው፣ «ቤቴ ጠቦኛል እህቴ፤ እንግዳ ሞልቶብኛል» አለቻት። ከኋላዋ አዳራሹ ባዶ ነበር። ይመኙሻል ተመለሰች፤ መንገድ ላይ ጨለመባትና ያን ሌሊት በውርጭ ከዛፍ ሥር አደረች። ታከለን ብርድ መታው። ሳምንት አልቆየም፣ ቀበረችው።

ቢያድግልኝ ሲመለስ የነገረችው «ብርድ መታው» የሚለውን ብቻ ነው። የት ሄዳ፣ ከማን ደጅ ተመልሳ እንደሆነ አልነገረችውም። ያሳደገችውን እህቱን በአንድ ቃል ልትነጥቀው ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። በሆዷ ያዘችው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላልና ግን አልረሳችውም። አሁን አስካለ በተራዋ ደጅ ስትጠና፣ ይመኙሻል ያንኑ ቃል መልሳ ለማለት ዕድል አገኘች። ያውም በእሷ አፍ ቃሉ ውሸት አይሆንም።

ሆኖም እውነቱ ብቻውን የማይበቃ መሰላት። ሽማግሌዎቹ በሚመጡበት ጠዋት፣ ቢያድግልኝ ሊያመጣቸው ሲወጣ ጠብቃ፣ የጎረቤቷን ባዶ ጎታ አስመጣችና ከምሰሶው ጎን አስገተረችው። ቀንበሩን፣ ሞፈሩን፣ ደጅ ይውል የነበረውን ሙቀጫ ሁሉ አስገባች። ጥጃዋን ከመስክ አስመልሳ ከማጀቱ አሰረቻት። ጠባብ ቤት ለማጥበብ ላቧ እስኪንጠፈጠፍ የደከመች ሴት በወይራ አምባ ከሷ በፊት አልታየችም።

ቀትር ላይ መጡ። ከፊት የሚመሩት አያ ቸኮል ናቸው። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ሲራመዱ ኤሊ ትቀድማቸዋለች። ከኋላቸው ሌላ አንድ ሽማግሌና ቢያድግልኝ። ከዚያ ወዲያ፣ ከአጥሩ ጥላ ሥር፣ አስካለ ከሁለት ልጆቿ ጋር ቆመች። ይመኙሻል ፊቷን ሳታይ ነጠላዋን አየች፤ ጥለቱ ተበልቶ አልቋል።

«ይግቡ፣ አያ ቸኮል። መግቢያ ካገኙ» አለች።

ቢያድግልኝ ገብቶ ጎታውን ሲያይ አፉን ከፈተ፤ የሚስቱን ዓይን ሲያይ ዘጋው። ጥጃዋ ሽማግሌውን በአፍንጫዋ ገፋቻቸው።

«ይቺስ እዚህ ነው እንዴ የምትውለው?» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ። ደጅ ጅብ አለ።»

«በቀትር?»

ይመኙሻል የጥጃዋን ገመድ ወደ ራሷ ሳበች። ደሟ ወደ ፊቷ ሲወጣ ተሰማት። አያ ቸኮል ግን አልገፉበትም። ዞር ዞር ብለው መደቡን፣ ቁርበቱን፣ የልጆቹን አንድ ለሦስት የሆነ ጋቢ አዩ። ደክሟቸው ጎታውን ደገፍ ሲሉ ጎታው ወዲያና ወዲህ ተንገዳገደ። እህል ያለበት ጎታ አይንገዳገድም። በበትራቸው ጫፍ ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉት፤ እንደ ከበሮ ጮኸ።

ይመኙሻል ትንፋሿን ያዘች። አሁን ያዋርዱኛል፣ አሁን በባሌ ፊት «ምቀኛ» ይሉኛል ብላ ጥርሷን ነከሰች። በሆዷ ያለው ልጅ ሳይቀር የፈራ ይመስል እንቅስቃሴውን አቆመ።

አያ ቸኮል ግን ሌላውን ሽማግሌ ጠቅሰው ወደ ደጅ ወጡ። ቤት በግድ እንደማይሰፋ በዕድሜያቸው አይተዋል፤ ባልፈለገ ቤት የገባ እንግዳ ከደጅ አዳሪ የባሰ እንደሚከፋውም ያውቃሉ። ከአጥሩ ሥር ሲደርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢያድግልኝ፣ ቤትህን አየነው። ጠባብ ነው። ማንም አይፈርድብህም። ልጆቹን ነገ የሚወስዷቸው ይመጣሉ።»

ቢያድግልኝ መሬት መሬት አየ። የአስካለ ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አላለቀሰችም፤ የታናሽ ወንድሟን ቀሚስ በሁለት እጇ ጨብጣ ያዘች። ተከትላቸው የወጣችው ይመኙሻል ያን ጭብጥ አየችው። ታከለ በሕይወት ቢኖር እኩያዋ ይሆን ነበር። ያሸነፈ ሰው ደስ ይለዋል ይባላል፤ እሷን ግን ደስ አላላትም።

ይህን ጊዜ አስካለ ከአጥሩ ሥር አንድ ድንጋይ አነሣች። ትልቅ ነው፤ ሁለት ጊዜ ሞክራ ነው ከማጅራቷ ላይ ያሳረፈችው። ጎንበስ ብላ እየተንገዳገደች መጣችና ከይመኙሻል እግር ሥር ተንበረከከች።

ሁሉም ደነገጠ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ በዳይ ነው፤ ይቅር በሉኝ ባይ ነው።

«እትዬ፣ ምን ሆነሻል?» አለ ቢያድግልኝ። «ሚስቴን ምን በደልሻት?»

«አስጠጊኝ ብዬ አይደለም» አለች አስካለ ወደ መሬት። «ፍርዱን ተቀብያለሁ። በደሌን ይዤ ግን አልሄድም።»

ሌላው ሽማግሌ ሥርዓት አዋቂ ነበሩና፣ «እንግዲያው በደልሽን በሰው ፊት ተናገሪ። ሳይነገር ድንጋይ አይወርድም» አሏት።

ቢያድግልኝ ከአንዷ ወደ አንዷ ዓይኑን አንከራተተ። አያ ቸኮል በትራቸውን ተደግፈው ይመኙሻልን ያያሉ። ዓመታት ይለፉ እንጂ አልዘነጉትም፤ በዚያ ክፉ ቀን ይቺው እናት ሕፃን አዝላ ከወንዝ ማዶ በኩል እያለቀሰች ስትመለስ ያገኟት እሳቸው ነበሩ። የታከለን መቃብር ከቆፈሩትም አንዱ ናቸው። ያን ጊዜ አልጠየቋትም። አሁን ነገሩ በልባቸው ገጠመላቸው።

አስካለ አፏን ከፈተች። «በክፉው ቀን… ከደጄ ላይ…»

ይመኙሻል ባሏን አየችው። ይህ ሰው እህቱን እንደ እናቱ ነው የሚወዳት። አንድ ቃል ቀርቷል፤ ቃሉ ከወጣ ልጁን በእህቱ እጅ ያጣ ሰው ይሆናል። ዳግመኛ ከእህቱ ጋር እንጀራ አይቆርስም። እነዚያ ሁለት ልጆችም የማን ልጆች እንደሆኑ ባያቸው ቁጥር ይታወሰዋል። ይመኙሻል ስንት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይነገር ስትል የኖረችው ነገር ይኸው ሊነገር ነው። ታከሌ፣ አለች በልቧ፣ ቢነገር አንተ አትመጣ።

ከዚያ፣ ወሯ ገብቶም ቢሆን፣ ጎንበስ አለችና ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«በቃ እትዬ! አትናገሪው!»

«ልናገር እንጂ፣ እህቴ…»

«የተበደልኩት እኔ ነኝ፤ የሰማሁት ይበቃኛል።» ድንጋዩን ከማጅራቷ አንከባላ ጣለችው። ወደ ባሏም ዞራ፣ «የሴቶች ነገር ነው። በአንድ ወቅት ክፉ ቃል ተናግራኝ ነበር፤ አልቋል» አለችው። ድምጿ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ እሱ ግን ከድካሟ ቆጠረው።

«ሥርዓቱ…» ሊሉ ጀመሩ ሌላው ሽማግሌ።

«ሥርዓቱ ተፈጽሟል» አሉ አያ ቸኮል። «ተበዳይዋ ካወረደችው እኛ ምን አገባን?»

ይቅር አለቻት ወይ? ይህን የሚያውቀው አንድ እግዜር ነው። ይቅርታ እንደ ድንጋይ በአንድ ጊዜ የሚወርድ ነገር አይደለም። ይመኙሻል ግን የአስካለን ልጅ ከነወንድሟ ክንዷን ይዛ ወደ ቤት መራቻት። ከደጃፉ ላይ ቆም ብላ ተጣራች።

«ቢያድግልኝ! ያን ባዶ ጎታ አውጣልኝ። የጎረቤት ነው። ቀንበሩንም፣ ሙቀጫውንም፤ ጥጃዋንም ወደ መስኳ መልሳት።»

«ባዶ ነው እንዴ?»

«ባዶ ነው። ባዶ መሆኑንማ አያ ቸኮል ያውቃሉ።»

አያ ቸኮል ሳቃቸውን በጢማቸው ዋጡት። አስካለ ከመሬት ሳትነሣ ታለቅስ ነበርና፣ ይመኙሻል ተመልሳ፣ «ተነሽ እትዬ፤ ሽንኩርት ላጪልኝ፣ እኔ መጎንበስ አቅቶኛል» አለቻት። ከዚህ የበለጠ የይቅርታ ቃል ያን ቀን ከአፏ አልወጣም።

ቢያድግልኝ ጎታውን እያንከባለለ ወደ ጎረቤት ሲወስድ ሽማግሌዎቹን ከመንገድ ላይ ደረሰባቸው። ላቡን ጠርጎ ወደ ቤቱ ዘወር ብሎ አየ። ከውስጥ የልጆች ድምፅ፣ የሴቶች ድምፅ፣ የማን እንደሆነ ያልለየ ሳቅ ይሰማል። ራሱን አከከ።

«አያ ቸኮል፣ እኔስ ግራ ገባኝ። በፊት ሚስቴ ጠበበ አለች፤ አንቱም አይተው ጠባብ ነው አሉ። አሁን ደግሞ ስምንት ነፍስ ገብቶበት፣ ዘጠነኛው እየመጣ፣ ማንም ጠበበኝ አላለም። ይህ ቤት መቼ ሰፋ?»

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። የሚያውቁትን ሊነግሩት አልቻሉም፤ እሷ በሆዷ የያዘችውን እሳቸው በአፋቸው አያወጡትም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ቤቱማ ያው ነው፣ ልጄ» አሉት፤ «ሆድ ካገር ይሰፋል።»