ከሐይቁ የራቀ አልጋ

አንድ ደመወዝተኛ ሰው ነበረ። ሚስትና ሦስት ልጆች ነበሩት፤ የሚስቱ አክስት ደግሞ ሐይቅ ያለበት ከተማ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ችግሩ የሚጀምረው ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ አማትሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም፤ ዝም ብለሽ ስሚ፣ እደርስበታለሁ።

ይህ ሰው በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤተሰቡን ይዞ ወደዚያ ከተማ ይወርዳል። ለእረፍት ነው የሚባለው። አክስቲቱ እትዬ አልጣሽ ይባላሉ፤ ሚስቱን ከጨቅላነቷ ጀምሮ እንደ እናት አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቋት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እንግዶቹ ገና ደጃፍ ሲደርሱ አልጋቸውን ይለቁላቸውና ለራሳቸው ጓዳ ወለል ላይ ያነጥፋሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መብላት ነው። ጠዋት ይበላል፤ ረፋድ ላይ ይበላል፤ ምሳው ሳይነሳ መክሰሱ ይደርሳል። ሰውየው «ኧረ ጠግቤያለሁ» ሲል እትዬ አልጣሽ ጉርሻ ጠቅልለው አፉ ላይ ይደቅኑና «አፈር ስሆን» ይሉታል። ሴትዮዋ አፈር ከሚሆኑ አንድ ጉርሻ መዋጥ ይሻላል ብሎ ይውጣል። በዚያ ቤት ስንት ጊዜ ነፍሳቸውን እንዳተረፈ ጨጓራው ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጎረቤት ይመጣል። የመጣው ሁሉ መጀመሪያ «መቼ ገባችሁ?» ይላል፤ ቀጥሎ «መቼ ነው የምትሄዱት?» ይላል፤ በመሃል ለልጆቹ ስንተኛ እንደወጡ ይጠይቃቸዋል። ልጆቹ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው ሶፋው ላይ እንደ ምስክር ተደርድረው ይመልሳሉ። ሐይቁን ሰውየው የሚያየው ሲመጣና ሲሄድ፣ አውቶቡሱ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ያውም የመስኮቱ ወንበር ከደረሰው።

አንድ ዓመት፣ ከዚያ ቤት በተመለሱ በነጋታው፣ ትንሿ ልጁ ቀና ብላ አየችውና «አባዬ፣ ሐይቁ ግን እውነት ነው?» አለችው።

ይህ ነገር አንገበገበው። በሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ሚስቱን ለብቻ ጠርቶ፣ ዘንድሮ ኪሳችንን የማይጎዳ ሆቴል ፈልገን፣ አልጋ ይዘን፣ እንደ ሰው ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን እንመለስ አላት።

«እትዬ እዚያው ከተማ ቁጭ ብላ እኔ አልጋ ልከራይ?» አለች። «ከመንገድ የተገኘሁ ነኝ?»

«አይሰሙም።»

«ቢሰሙስ በል። እናቴ ናት እኮ። ይህን ከሰማች ሁለተኛ ደጄን አትረግጥም፤ እኔም ቀና ብዬ አላያትም።»

«እሺ፣ ታዲያ እንንገራቸው?»

አንዳንድ ሐሳብ ከአፍ ከወጣ በኋላ የተናገረውን ሰው ራሱ ያስደነግጠዋል። መንገር ማለት እኮ መንገር ነው። እንዲያ ያለ ዕብደት በዘራቸው ስለሌለ፣ ሳይደውሉ ሄደው ሳይታዩ ሊመለሱ ተስማሙ።

እንግዲህ ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሚስትየው በነጠላዋ እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና፣ ሰውየው የሰርግ ቪዲዮ አንሺ የሚያደርገውን ዓይነት ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ ነበር። ሆቴል ፍለጋ ጀመሩ። መጀመሪያ የደረሱት ሐይቁ ዳር ያለ ነጭ ትልቅ ሆቴል ነው። ዘበኛው ሻንጣቸው በገመድ መታሰሩን አይቶ ፈገግ አለ። ሰውየው ዋጋውን ሲሰማ ጉሮሮውን ጠርጎ «ዞረን እንመጣለን» አለ። «ዞረን እንመጣለን» ማለት ደኅና ሁኑ ማለት እንደሆነ ዘበኛውም ያውቃል። ሁለተኛው ርካሽ ነበር። ሚስትየው ፍራሹን በመዳፏ ስትጫነው እጇ እስከ ክርኗ ሰመጠ፤ ከታች ያለው ጭፈራ ቤት ደግሞ ገና በጠራራ ፀሐይ ድምፅ ማጉያውን ይሞክር ነበር። ዞረው ሊመጡ ወጡ።

ሦስተኛው ግን ለእንደነሱ ያለ ቤተሰብ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር። አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ሦስት አልጋ ገብቶበታል፤ ለልጆች ተጨማሪ አይጠየቅም፤ ቁርስ አለው። ዋጋው ሰውየው በልቡ ከያዘው ዝቅ ያለ ነበር። ሚስትየው አንሶላውን ገለጠች፣ ትራሱን ገልብጣ አሸተተች፣ ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው ሳያስነጥስ ወረደ። ሐይቁ ከመንገዱ ማዶ ነው አሏት። እስቲ ልየው ብላ መስኮቱን ስትከፍት ከሐይቁ በፊት ያየችው አንድ አትክልት መሸጫ ነው። እትዬ አልጣሽ ቲማቲም የሚገዙት ከዚያ ነው። መስኮቱን መልሳ ዘጋች።

«ዞረን እንመጣለን» አለች፣ ነጠላዋን መልሳ እስከ ዓይኗ እየሳበች።

ከዚያ ወዲያ ሆቴል መምረጥ ቀረ፤ እትዬ አልጣሽን መሸሽ ብቻ ሆነ። ሰውየው የሴትዮዋን እግር በሐሳቡ ተከተለው። ቤታቸው እዚህ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው እዚያ፣ ገበያቸው ሐይቁ ዳር። እግራቸው የማይደርስበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከተማው አልቆ የጭነት መኪና ጋራዥ የሚጀምርበት። እዚያም፣ ሰው ምን ፈልጎ እንደሚያድርበት ፈጣሪ ይወቅ፣ አንድ ሆቴል ቆሟል። ዋጋው ከሦስተኛው ብዙም አይረክስም። መስኮቱ የሚያየው የጎማ ክምር ነው። ሐይቁ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በሥዕል ተሰቅሏል። ሰውየው «እዚህማ አይመጡም» አለና ደስ ብሎት ከፈለ። አየሽ፣ ሰው ለእረፍት ወጥቶ በዚህ ይደሰታል።

በነጋታው ባጃጅ ያዙና መጋረጃውን ግራና ቀኝ አውርደው ወደ ሐይቁ ሄዱ። ነጂው በዚህ ሙቀት ለምን ቢላቸው ሰውየው ላቡን እየጠረገ ልጆቹ ንፋስ አይስማማቸውም አለው። ገና ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ከዛፍ ሥር ብቅ አሉ። ሚስትየው «መልሰው!» አለች። ሌላ እናት ነበሩ፤ ግን በዚያ ከተማ ነጠላ የለበሰ ሁሉ ለእሷ እትዬ አልጣሽ ሆነባት። ከዚያ በኋላ ከክፍላቸው መውጣት ቀረ። ምግብ ወደ ላይ ይመጣላቸዋል። ልጆቹ እንዳይስቁ፣ እንዳይዘሉ፣ እርስ በርስ በስም እንዳይጠራሩ ተከለከሉ። ትንሿ ልጅ የጎማ ክምሩን እያየች፣ እትዬ ቤት ቢያንስ ሶፋ ነበረ አለች።

ከአጠገባቸው ያለው ክፍል ውስጥ ደግሞ አንድ የማይታይ ሰው ነበር። አስተናጋጁ ምግቡን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ አንኳኩቶ ይሄዳል። ኮሪደሩ ጭር ሲል በሩ ስንዝር ያህል ይከፈትና ሳህኑ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ሰውየው በሩን ሲከፍት ያም በር ተከፈተ፤ ሁለቱም በሮች እኩል ተዘጉ።

«ይሄ ሰው የሚሸሸው ነገር አለ» አላት ሚስቱን። «ምናልባት ባንክ ዘርፎ ይሆናል። ንጹሕ ሰው ተደብቆ ይበላል?» ይህን ብሎ ሲያበቃ የራሱን በር ሁለቴ ቆለፈ።

በሦስተኛው ቀን ውሃ ጠፋ። ግቢው ውስጥ በርሜል አለ፣ ከዚያ ቅዱ ተባለ። ሰውየው ባርኔጣውን ደፋና ባልዲ ይዞ ወረደ። ቀድቶ ሲመለስ ደረጃው ላይ ከራስ እስከ እግር ጋቢ የተከናነበ ሰው አገኘ። ያ ጎረቤቱ ነው። ሙሉ ባልዲ ይዟል። አንድ እርከን ይወጣና ይቆማል፣ ጉልበቱን ይይዛል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ አንድ ይወጣል። ሰውየው ከኋላ ሆኖ ሲያይ ባንክ ዘራፊው አሮጊት ሆኑበት።

ወደ ታች ተመልሶ እስኪያልፉ ልጠብቅ ብሎ አስቦ ነበር። ነገር ግን እናቱ የምትሆን ሴት ባልዲ ተሸክማ ስትንገዳገድ ቆሞ ማየት አላስቻለውም። የራሱን ባልዲ አስቀመጠና እጁን ዘረጋ። «እስቲ ልቀበልዎት፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ባልዲውን ሳይለቁ «አፈር ስሆን ተወው፣ ልጄ» አሉ።

ከጆሮው ቀድሞ ጨጓራው አወቃቸው።

ሁለቱም የባልዲውን እጀታ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። እሳቸው ቀስ ብለው ዞሩና ከባርኔጣው ሥር አዩት። ከዚያ ሁለቱም በአንድ አፍ መናገር ጀመሩ። እሱ ለስብሰባ እንደመጣ ተናገረ። እሳቸው ጠበል ለመሄድ መኪና እየጠበቁ እንደሆነ ተናገሩ። ይህ ሁሉ ጉዳይ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ምን እንደሚሠራ ግን ሁለቱም አልጠየቁም። በዚህ መሃል ሚስትየው ውሃው የት ደረሰ ብላ ብቅ አለች። ያሳደጓትን ሴት አየች። ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ያኔ እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ እውነቱን መናገር ነበረበት፤ ወይም የአንድ ዕድሜ ፍቅር እዚያ ደረጃ ላይ መቅረቱ ነው። እትዬ አልጣሽ ባልዲውን ለቀቁ፤ ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ።

«በስንት ያዛችሁት?» አሉ።

ሰውየው ነገራቸው። የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ።

«ለእኔ ለአንዷም ያንኑ ነው የነገሩኝ» አሉ። «እናንተ አምስት ሆናችሁ! ብቻዬን መሆኔን አይተው ጉድ ሠሩኝ።»

ሚስትየው ከነጠላዋ ውስጥ ድምፅ አወጣች፤ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ሰውየው መለየት አቃተው። ቀና ብላ፣ እትዬ፣ ቤትሽ እያለ ለምን እዚህ አለቻቸው። እትዬ አልጣሽ ደረጃው ላይ ከጎኗ ቁጭ አሉና ሁሉን ነገሩ። የትምህርት ቤት መዝጊያ ሲቃረብ እንቅልፍ እንደሚያጡ፣ የጓዳው ወለል ለወገባቸው እንዳልበጀ፣ ዘንድሮማ ጉልበታቸውም እንቢ እንዳለ ነገሩ። ልጆቼን አትምጡ ብል ምን ይሉኛል ብለው፣ ለጎረቤት ጠበል ልሄድ ነው ብለው፣ ስልካቸውን አጥፍተው፣ ቤታቸውን ቆልፈው ወጡ።

«እናንተ የምትመጡት ለሐይቁ ነው» አሉ። «ስለዚህ ከሐይቁ የራቀውን አልጋ ፈለግኩ።»

«እኛም በየዓመቱ አንቺ ቤት የምናርፈው ብንቀር ይከፋሻል ብለን ነው» አለች ሚስትየው።

«እኔ?» አሉ። «እኔ በየዓመቱ አውቶቡሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ የማየው፣ የረሳችሁት ዕቃ ኖሮ እንዳትመለሱ እየጸለይኩ ነው።»

ያን ጊዜ ደረጃው ላይ የተነሳው ሳቅ ጋራዡ ድረስ ተሰማ። ልጆቹም የተፈቀደ መስሏቸው ሮጠው ወጡ፤ ተፈቀደም። በዚያው ቀን ሁሉም ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ሦስተኛው ሆቴል ዞረው መጡ። «ዞረን እንመጣለን» ብሎ የመጣ ሰው ያን ዕለት መታየቱ ነው። እትዬ አልጣሽ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ሐይቁ ውስጥ ከተቱ። ለካ እሳቸውም ሽምብራ ሲቆሉ፣ ወጥ ሲሠሩ፣ እንግዳ ሲያስተናግዱ፣ ዕድሜያቸውን በኖሩበት ከተማ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለው አያውቁም ኖሯል። ዓሣ ቀረበ። ሰውየው ትንሽ ቀምሶ በቃኝ አለ። እሳቸው «አፈር» ብለው ጀመሩና፣ ዓይን ለዓይን ተያይተው፣ የቀረውን ከዓሣው ጋር ዋጡት።

ቤታቸው ሲመለሱ ጎረቤት ሁሉ ፊትዎ እንዴት በራ፣ የት ያለ ጠበል ነው ብሎ ከበባቸው። እንግዲህ ለጎረቤት ደግሞ ሁሉም አይነገርም። ከዚያ ወዲህ ግን በየዓመቱ ቤተሰቡ ሦስተኛው ሆቴል አልጋ ይይዛል፤ ወንበር ተስቦላቸው የሚበሉት እንግዳ እትዬ አልጣሽ ሆነዋል፤ ማታ ቤታቸው ገብተው በራሳቸው አልጋ ላይ ተኝተው ይነጋላቸዋል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። አማትሽ በየእሑዱ እየመጡ፣ አንቺም በየእሑዱ ከንጋት ጀምረሽ ስትጥጂ ስታወጪ፣ አንዷን እሑድ ልረፍ ሳልላቸው እንዴት ልረፍ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ብናገር ይቀየሙኛል አልሽ። እኔ ደግሞ አማትሽን ባለፈው እሑድ ታክሲ ሰልፍ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ በአንድ እጃቸው ላንቺ የሚያመጡትን ዳቦ ይዘው፣ በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን እያሹ። ወደ መዝናኛ የሚሄድ ሰው ፊት አልነበራቸውም። ብቀር ይከፋታል እያሉ ነው የሚመጡት። አንቺና እሳቸው ከወፍጮ ቤት ጀርባ ጎን ለጎን ክፍል ይዛችሁ፣ እየከፈላችሁ፣ በር ለበር ተዘጋግታችሁ ነው ያላችሁት፤ ሐይቁም ያለ እናንተ ቁጭ ብሏል። እኔ የምልሽ፣ ባልዲያቸውን ተቀበያቸው፤ ያኔ የሚናገሩትን ስሚ። መጀመሪያ የምትይው ቢጠፋሽ ደግሞ፣ በስንት እንደያዙት ጠይቂያቸው።