የእመት ሽኮኮ የመስተዋት በር

ጠጋ በሉና ስሙኝ። ብረት አፍ፣ ምድጃ ምላስ በነበራቸው በዚያ በሩቁ ዘመን አንዲት እመት ሽኮኮ ገደል ላይ ትኖር ነበር። ከሦስት ልጆቿ አንዱን ንስር ነጥቋታል። ከዚያ ወዲህ የዋሻዋን አፍ በድንጋይ ትዘጋዋለች። ስትዘጋው ልጆቿ በጨለማና በብርድ ይከሳሉ፤ ፀሐይ ይሙቁ ብላ ስትከፍተው የንስሩ ጥላ ውልብ ይላል። ብትዘጋ ጭንቅ፣ ብትከፍት ጭንቅ።

አንድ ቀን ሸክላ ሠሪዎች ትተውት ወደሄዱት ምድጃ ወረደች። አያ ምድጃ ሽማግሌ ነው።

"ምነው ፊትሽ ጠቆረ?" አላት።

ነገረችው።

"ታዲያ ከጠርሙስ ስባሪ የመስተዋት በር አትሠሪም? ብርሃን ያስገባል፣ ንስር አያስገባም። እኔ አቀልጥልሻለሁ። ግን ሁለት ጣት ይወፍር፤ ከሳሳ ንስሩ ይሰብረዋል። ጠርሙስ ደግሞ ሲቀልጥ እንደ ማር ተንሰራፍቶ ይሳሳል። ዙሪያውን የሚገድበው ፈልጊ።"

"ምን ይገድበዋል?"

"እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው ማቃጠል ነው።"

እመት ሽኮኮ ስባሪውን ሰብስባ ወደ ምድጃው ጓሮ ዞረች። "ጠርሙሴን ማን ይገድብልኝ?" ብላ ተጣራች።

ከአሮጌ በርሜል የተቆረጠ አያ ብረት ቀድሞ ተነሣ። "ከእኔ ወዲያ ማን አለ? እሳት አይበግረኝም!"

እውነቱን ነው አለችና አጥፋ ምድጃው ውስጥ በስባሪው ዙሪያ አቆመችው። ጠርሙሱ ቀለጠ፤ ብረቱም ያዘው። ሲቀዘቅዝ ግን ብረቱ ተሰበሰበ፤ ጨበጠው፤ ጨበጠው፤ ጧ!

"ምን አደረግህ?"

"ያዝ አልሽኝ፣ ያዝኩ።"

ቀጥሎ ጡቦቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ። "ብረት ይጨብጣል፤ እኛ ንቅንቅ አንልም!"

ይህም እውነት ነው አለችና ደረደረቻቸው። ጠርሙሱ ቀለጠ፤ ጡቦቹም ያዙት። ሲቀዘቅዝ ግን ተጣብቋል። ልታላቅቀው ስትጎትት ጠርዙ ተቦጨቀ፤ ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ሮጠ።

"ልቀቁት እንጂ!"

"መልቀቅ መቼ አስተማርሽን?"

እመት ሽኮኮ ራሷን ያዘች። "ጠንካራ ሁለቴ ከሰበረብኝ፣ የሚያዋጣኝ ለስላሳ ነው" አለች። ሸክላ ሠሪዎቹ የምድጃውን በር ይወትፉበት የነበረ፣ እሳት የማይበላው ነጭ ጥጥ ጥጉ ላይ ተኮራምቷል።

"አንተ ትጨብጣለህ?"

"አልጨብጥም፣ እመቤቴ።"

"ትጣበቃለህ?"

"አልጣበቅም፣ ግን..."

"ግን የሚባል አልሰማም!" ብላ አፈፍ አደረገችው። ጠርሙሱ ሲቀልጥ ጥጡን ገፍትሮ ወጣና እንደ ቅጠል ስስ ሆኖ ቀረ።

"ግን መቆም አልችልም ልልሽ ነበር" አለ ጥጡ።

በዚህ ጊዜ ቀኝና ግራዋ ጠፋባት። ብረት "እኔን ድገሚ" ይላል፤ ጡቦቹ "እኛን" ይላሉ። ሁሉም እውነት ተናግሯል፤ ሁሉም አበላሽቶባታል። ከላይ ንስሩ ይዞራል። ከዋሻው ትንሹ ልጇ "እማዬ፣ በረደን፤ ልክፈት?" ይላል።

"እንዳትከፍት!" ብላ የሳሳውን መስተዋት ስታነሣ፣ ጠርሙሷ "እህህ..." ስትል ሰማቻት።

"አመመሽ እንዴ? አንቺም ትናገሪያለሽ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለች ጠርሙስ። "ሦስት ጊዜ ቀለጥኩ፤ ሦስቴም ስለ እኔ እነሱን ጠየቅሽ።"

እመት ሽኮኮ አፈረች። "ይቅር በይኝ እህቴ። ምን ይሁንልሽ?"

"ስቀልጥ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም፤ ያኔ የሚያቆመኝ ስጪኝ። ስቀዘቅዝ እሰበሰባለሁ፤ ያኔ የሚለቀኝ ስጪኝ።"

"የሚይዝም የሚለቅም? እንዲህ ያለ ፍጡር ከየት ይመጣል?"

"አንድ ብቻ ይሁን ያለሽ ማን ነው?"

እመት ሽኮኮ አሁንም በደንብ አልገባትም። ቢሆንም ጥጡን በጠርሙሷ ዙሪያ ከውስጥ አዞረች፤ ጡቦቹን ከኋላው አቆመች።

"እኛ? ከዚህ ልፍስፍስ ኋላ?"

"አዎ፣ ከኋላው። እሱ እንዲቆም።"

ብረትንም ጡቦቹ እንዳይንሸራተቱ ከውጭ አስደገፈችው። ጠርሙሷም ለአራተኛ ጊዜ ቀለጠች።

"ሦስት ቀን አፌን እንዳትከፍቺ" አለ አያ ምድጃ። "በቀስታ ካልቀዘቀዘች ትሰነጠቃለች።"

ሦስቱን ቀን ተሳሳትኩ ይሆን፣ አልተሳሳትኩ ይሆን እያለች ምድጃውን ስትዞረው ከረመች። በአራተኛው ቀን ከፈተችው። መስተዋቱ ሁለት ጣት ወፍሮ፣ አንድም ጭረት ሳይነካው፣ ከጥጡ ውስጥ ሹልክ ብሎ ወጣ። ጎረቤት ሽኮኮዎች ተጋግዘው የዋሻው አፍ ላይ ገጠሙት።

ንስሩ ልጆቹ ፀሐይ ሲሞቁ አየና ተወርውሮ መጣ። ድው! እንደገና፣ ድው! ደረቱን አሞት ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ አንገቱን ወዲህ ያዘነብላል፣ ወዲያ ያዘነብላል። ያያቸዋል፤ አይደርስባቸውም።

"እማዬ፣ ምን ሆኖ ነው?" አለ ትንሹ።

"ግራ ገብቶት ነው፤ ተወው" አለችና አቅፋው ፀሐይዋን ሞቀች።

እናንተም ልጆቼ፣ መካሪ በዝቶ ሲያምታታችሁ፣ ማን ይበልጣል ብላችሁ አትድከሙ፤ የሚቀልጠውን ጠይቁት። እኔ ጨረስኩ፤ ያልገባው ካለ ነገ ሳይሆን አሁኑኑ ይጠይቀኝ።