ሹፌር የነበረው ነርስ

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜው አርባን ተሻግሯል፤ ወጣትነቱን የጨረሰው በጅቡቲ መንገድ ላይ ነው። ስሙን አምሳሉ እንበለው።

እናቱ በድንገት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ አለና አልጋ ላይ ዋሉ። አምሳሉ መኪናውን ለአሠሪው አስረክቦ አጠገባቸው ተቀመጠ። መጀመሪያ አፈረ። ወንድ ልጅ እናቱን ሲያጥብ አይቶ አያውቅማ! ግን አጠበ። ጀርባቸው እንዳይቆስል አገላበጠ፣ ሾርባ በማንኪያ አጎረሰ፣ እስከ መጨረሻው አስታመመ።

ካረፉ በኋላ ሰዉ ሁሉ “በል እንግዲህ ወደ ሥራህ” አለው። መኪናም ተገኘለት። ልቡ ግን እምቢ አለ። ለታናሽ ወንድሙ ለሽመክት “ነርስነት ልማር ነው” ብሎ ነገረው።

ሽመክት ሳቀ። የምሩን መሆኑ ሲገባው ግን ሳቁን ተወ። “ጋሼ፣ ከልጆች ጋር ወንበር ተጋርተህ? ተመርቀህ በማግስቱ ጡረታ ልትወጣ?”

አምሳሉ ግን ሄዶ ተመዘገበ።

ወገኖቼ፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ተማሪዎቹ “ፋዘር” ይሉት ነበር። ሆስፒታል ለልምምድ ሲወጡ ደግሞ መሪ የለመደው እጁ መርፌውን እንደ መሪ ጨበጠው። ጉሉኮስ ለመስጠት የአንዲት ታማሚ ደም ሥር ፈልጎ አጣ። ደግሞ ሞከረ፤ ሴትየዋ ፊቷን አጨማደደች። ልጁ ልትሆን የምትችል ተማሪ መጥታ ወዲያው አገኘችው።

ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ። የልምምዱ ኃላፊ ሲስተር ትህትና ተከትላው ወጣች።

“ሲስተር፣ እኔ ይቅርብኝ። ሰው እያሳመምኩ ነው። ዕድሜዬም አልፏል።”

“ጋሽ አምሳሉ፣ ደም ሥር መሳት የዕድሜ ጉዳይ አይደለም። እኔ ስጀምር ታማሚው ገፍትሮኛል” አለችው። ቀጥላም “አራተኛው አልጋ ላይ ያሉት አባት ገላዬን አላስነካም ብለዋል። እኛንም ተማሪዎቹንም ያፍራሉ። እስኪ እርስዎ ይግቡ” አለችው።

ገባ። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። አምሳሉ የያዘውን ሙቅ ውሃ አስቀምጦ መጋረጃውን ሳበና ዝቅ ብሎ፣ “አባባ፣ እኔ የገዛ እናቴን አጥቤያለሁ። እኔን አይፈሩኝ” አላቸው።

ሽማግሌው ሳይዞሩ፣ “በል፣ ውሃው ሳይበርድ” አሉት።

አጥቦ ሲጨርስ እጁን ይዘው አልለቀቁትም። አምሳሉም በማግስቱ ወደ ልምምዱ ተመለሰ። ደም ሥር ማግኘቱን ቀስ እያለ ለመደው፤ አንዳንዴ ዛሬም ይስታል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ደግሞ ይሞክራል። ተመርቆ አንድ ጤና ጣቢያ ተቀጠረ።

ሽመክት አንድ ቀን ሊጠይቀው ሄዶ በሩ ላይ አገኘው። “ጋሼ፣ ግን እንደው ከጡረታ በፊት ስንት ዓመት ትሠራለህ?” አለው።

“እሱን እንጃ። ዛሬ ግን ተረኛ ነኝ” አለና ጋውኑን ቆልፎ ገባ።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? “ጊዜዬ አልፏል” ብላችሁ የተቀመጣችሁ ስንት ናችሁ? አልፏል ያላችሁ ማን ነው? እግዚአብሔር ነው? ወይስ ከጎረቤታችሁ ጋር ራሳችሁን እያስተያያችሁ የደረሳችሁበት ነው?

ሌላ ሥራ ስትሠሩ የኖራችሁባቸውን፣ በሽተኛ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ያሳለፋችኋቸውን ዓመታት የባከኑ አድርጋችሁ ትቆጥሯቸዋላችሁ። አልባከኑም። እናንተ ተቀመጥን ስትሉ እግዚአብሔር እያስተማራችሁ ነበር።

አዎ፣ በዕድሜ ከእናንተ የሚያንስ ሰው ያርማችኋል። እጃችሁም ይስታል። ይሳት። የሚቀራችሁ ዘመን ይብዛ ይነስ፣ የእግዚአብሔር ነው፤ ለእናንተ የተሰጠው ዛሬ ነው። ዛሬ ደግሞ፣ ከዚህ ደጅ ስትወጡ፣ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።

ሂዱለት።